የዘለልኋት መስመር

ይድረስ ለወንድሜ ለታረቀ ቢተው፣
አዲስ አበባ።

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህ ያለምወርቅስ እንዴት ናት? ያ ራስ ምታቷ ተሻላት ወይስ እንደ ክረምቱ ሄዶ ይመለስባታል? እኛ እዚህ ደብረ ኤልያስ፣ ቸርነቱ የማያልቅበት አምላክ ይመስገን፣ ሁላችንም በሕይወት አለን። አባታችንን ቁርጥማቱ ጉልበታቸውን ይይዛቸዋል እንጂ ቅኔ ማስነገራቸውን አላቋረጡም። አጎታችንን አያ በላቸውንም ያ የኅዳሩ ሳል ለቋቸዋል። ዝናቡም ዘንድሮ ሳይዘገይ ጥሎ የጤፉ ማሳ ሁለተኛ ታርሷል። ቀይዋ ላም ወልዳለች፤ ጥጃዋ እንስት ናት።

ይህን ሁሉ የጻፍሁት ወግ ስለሆነ ነው። ታላቅ እህት ለወንድሟ ሰላምታ ሳትሰጥ ነገር አትጀምርም። ሰላምታው እዚህ ላይ አበቃ። አሁን ደኅና አድርገህ ተቀመጥና አንብብ፤ ተቆጥቼብሃለሁ። ሰባት ሳምንት ሙሉ ቁጣዬ ይበርድ እንደሆነ ብዬ ጠበቅሁ፤ አልበረደም።

እናታችን ማንበብ ትታለች።

«መቼ ጀመረችና ነው የምትተወው?» እንደምትል አውቃለሁ። ካለፈው ጥቅምት ጀምራ እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ሰሞን ድረስ ታነብ ነበር። ለአንተ እንዳልነግርህ በማርያም አስምላኝ ነው ዝም ያልሁት። አንድ ቀን በገዛ እጇ ደብዳቤ ጽፋ ልታስደነግጥህ ነበር አሳቧ። ያስጀመራት ያንተ መጽሐፍ ነው፤ ያስተዋትም ያንተ ደብዳቤ ነው። እንዴት እንደሆነ ከሥሩ ልንገርህ።

ለዘመን መለወጫ ለእኔ የላክኸውን ልብ ወለድ ታስታውሳለህ፤ ሽፋኑ ጥቁር፣ ጠርዙ ቀይ የተቀባውን። ጥቅሉ ሲመጣ እኔ ለመምህራን ስብሰባ ደብረ ማርቆስ ሄጄ ነበር። እናታችን ፈታ ስታየው ጥቁር ሽፋንና ቀይ ጠርዝ ነው፤ በቤታችን እንዲህ ያለ መልክ ያለው ዳዊት ብቻ ነው። ልጄ ለአባቱ ዳዊት ላከለት ብላ እልል አለች። ከአዲስ ሸማ ቀዳ ማኅደር ሰፋችለትና ከአባታችን ዳዊት ጎን ግድግዳው ላይ ሰቀለችው። መስከረም ሃያ አንድ ደግሞ የማርያም ማኅበር ተራው የእኛ ነበር። ማኅበርተኛው ሁሉ ሲገባም ሲወጣም ተሳለመው። ግንባራቸውን ያስነኩ አሉ። የማኅበሩ ቄስ እንኳ ሲሰናበቱ እጃቸውን ጣል አድርገውበት ወጡ።

በሦስተኛው ቀን አባታችን ማኅደሩን ፈተው ቢገልጡት፣ አንዲት የጠጅ ቤት ሴት ፀጉሯን ተሠርታ ፍቅረኛዋን ስትጠብቅ አገኟት። ሳቁ። በብቻቸው ቢስቁ ምን ነበር! ለማኅበርተኛው ነገሩት፤ ማኅበርተኛው ለገበያው ነገረው። እናታችን ቅዳሜ ገበያ በወጣች ቁጥር «ያቺ ጽድቅ የምታሰጠዋ መጽሐፍ ደኅና ናት ወይ?» ይሏት ነበር። ይህን ታሪክ እኔው ራሴ ለአንተ ጽፌልሃለሁ፤ ስቄ ነው የጻፍሁት፤ አሁን እጄን ይቁረጠው እላለሁ። እሷ ግን ሁለት ገበያ ቀርታ ዋለች። ከዚያ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ የአጥሩ በር ላይ ጠብቃ፣ አስተምሪኝ አለችኝ።

ታረቀ፣ አባታችን በዚህ ደብር ሠላሳ ዓመት አስተምረዋል። ከጎንደር ከወሎ የመጣ ሁሉ ከእግራቸው ሥር ተቀምጦ ቀለም ለይቷል። ለዚያ ሁሉ ተማሪ ጠላ የጠመቀች፣ ሲታመም ያስታመመች፣ ቁስሉን ያጠበች እናታችን ናት። በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ፊደል ገበታ ፊቷ አልተደረገም። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚሉት ይህን ነው። እኔም ብሆን የሰው ልጅ ሳስተምር ስድስት ዓመት ሆኖኛል፤ የራሴን እናት እስክትጠይቀኝ ጠብቄአለሁ። ስለዚህ ቁጣዬ ለአንተ ብቻ አይደለም፤ ሁላችንም ድርሻችንን እናነሣለን። ትልቁን ግን አንተ ትሸከማለህ።

ፊደሉን በሁለት ወር ጨረሰችው። ድምፁን ከተማሪዎቹ አፍ ስትሰማ ኖራለችና መልኩን ብቻ ነበር የጎደላት። ችግሩ የመጣው ኋላ ነው። ዳዊት ሰጠኋት፤ ዓይኗ ከመጀመሪያው ቃል ሳይነሣ አፏ ገጹን ጨርሶ ወደ ሌላው ተሻገረ። ተአምረ ማርያም ሰጠኋት፤ ያውም እንዲሁ ሆነ። አንድ ቀን ተንኮል አስቤ ዳዊቱን ገልብጬ ብሰጣት ያለ አንዲት ስሕተት ተወጣችው። አባታችን ይህችማ አንብባለች፣ ምን ቀራት አሉ። እሷ ግን አልተታለለችም። ይህ ማስታወስ ነው እንጂ ማንበብ አይደለም፤ መጨረሻውን የማላውቀው ነገር አምጪልኝ አለችኝ።

በቤታችን መጨረሻውን የማታውቀው መጽሐፍ አንድ ብቻ ነበር፤ ያው ያሳቀባት። ከሣጥን አወጣሁት። በቀን ግማሽ ገጽ፣ ሲቀናት አንድ ገጽ፣ በጣቷ እየተከተለች ሄደች። ፊደሉ ደቃቅ ነውና ዓይኗ ያነባ ነበር። ስታነብ ዝም አትልም፤ ከሴትዮዋ ጋር ትከራከራለች። ይህ ሰው የሚመጣ አይደለም፣ ምነው ዕቃሽን ሸክፈሽ ብትሄጂ ትላታለች። እኔ የመምህራን ማሠልጠኛ ገብቼ የተማርሁት ሰው ማንበብ መቻሉ የሚታወቀው በፈተና ነው ተብዬ ነው። እናታችን በመጽሐፍ ላይ የተቈጣች ቀን ነው እኔ ያወቅሁት። እስከ ፋሲካ ገጽ ሰባ ሁለት ደርሳ ነበር።

በጥር የጻፍሁልህ ይህን ንባቧን አይቼ ነው። ምሥጢሯን ሳላወጣ፣ ለፋሲካ ከምትልካቸው መጻሕፍት ጋር ፊደሉ ጎላ ያለ አንድ ልብ ወለድ ለእናታችን ጨምርላት አልሁህ። እሷም ታውቅ ነበር። ዓቢይ ጾምን በሙሉ የጠበቀችው የፋሲካውን ዶሮ አልነበረም። ልጄ ለእኔ ብሎ የመረጠው ምን ዓይነት ይሆን ትለኝ ነበር። የኔ ልጅ መጽሐፍ አዋቂ ነው ትል ነበር።

ነጋዴው ደርቤ ጥቅልህን ከደብረ ማርቆስ በበቅሎ ጭኖ ያመጣው ማክሰኞ ቀን ነው። እኔ ትምህርት ቤት ነበርሁ። ደብዳቤህ በእኔ ስም ነው የመጣ፤ ግን እናታችን ከፈተችው። አትቆጣት፤ እኔ ስገባ ወሬህን ቀድማ ልትነግረኝ ነበር። ከቤት ወደ ደጅ፣ ብርሃን ወዳለበት ወጥታ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። ከቀትር ጀምራ ነው አሉ። ስመለስ እዚያው ነበረች፤ ደብዳቤው ጭኗ ላይ ታጥፎ። መጣሽ ወይ አለችኝ። እንደ ወትሮው አንብቢልኝ አለችና ሰጠችኝ።

አነበብሁላት። ሰላምታህን አነበብሁ። ለአባታችን ወፍራሙን ልብ ወለድ፣ ለአጎታችን የባለሥልጣኑን የሕይወት ታሪክ፣ ለእኔ ሁለቱን ልብ ወለዶች እንደ ላክህ አነበብሁ። የመሥሪያ ቤት ጓደኞችህ ለስጦታ የሚሆን መጽሐፍ ሲፈልጉ አንተን እንደሚያማክሩህ፣ የእያንዳንዱን ሰው ልብ አይተህ እንደምትመርጥላቸው የጻፍኸውንም አነበብሁ። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ዓይኔ ሲያየው አፌ ዘለለው። ለእናታችን ነጠላ ልኬላታለሁ ወደሚለው ተሻገርሁና እግዚአብሔር ያክብርልኝ ብዬ ጨረስሁ። ደብዳቤ አንባቢ ሁሉ የሚያደርገው ነው። ክፉውን ዘልለን ደጉን እናነባለን፤ አንተም ልጅ ሳለህ ለጎረቤቶቻችን ስታነብ ታደርገው ነበር።

እናታችን እጇን ዘርግታ ጣቷን ወረቀቱ ላይ አኖረች። እዚህ ላይ አንድ መስመር ዘለልሽ አለችኝ።

ከጣቷ ሥር ያለችው መስመር ይህች ናት፤ ረስተሃት እንደሆነ ልገልብጥልህ፦ «ለእናታችንም መጽሐፍ ላክ ያልሽው አሳቀኝ። እሷ ለመጽሐፍ ምን ታውቃለች? ዳግመኛ ሰቅላ ልታሳልመው ነው? ነጠላ ይበቃታል።»

ከልጇ እጅ ጽሑፍ በሕይወቷ መጀመሪያ ለይታ ያነበበችው ይህን ነው። ከቀትር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ በጣቷ እየተከተለች፣ ፊደል በፊደል። አንተ አንድ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ የጻፍኻትን እሷ ስንት ጊዜ ደጋግማ እንዳየቻት እግዚአብሔር ይወቅ፤ ተሳስቼ ይሆናል ብላ እንደገና ከላይ ጀምራ ይሆናል። አላለቀሰችም። እስከ ዛሬ ስንት መስመር ዘልለሽብኛል ብቻ ብላ ጠየቀችኝ። አንተ ከሄድህ ዘጠኝ ዓመትህ ነው። ስንት እንደሆነ እኔም አላውቀውም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ፊደል አይታ አታውቅም። ያ ጥቁር መጽሐፍ ሣጥን ውስጥ ነው፤ ለምልክት ያደረገችው ስንደዶ ገጽ ሰባ ሁለት ላይ እንዳለ ነው። ያቺ የጠጅ ቤት ሴት እስከ ዛሬ እዚያው ተቀምጣ እየጠበቀች ነው። አንብቢ ብዬ ስለምናት እናታችን ወደ ሥራዋ ዞር ትላለች። አንተንም አታማህም። ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት ይባል የለ።

አላወቅሁም ትለኛለህ። አለማወቅህንማ ይቅር እልህ ነበር፤ እኔ የተናደድሁት አውቃለሁ በማለትህ ነው። የሰው ልብ አይተህ መጽሐፍ ትመርጣለህ አሉ! እንግዲያውስ የመረጥሃቸውን አንድ በአንድ ልንገርህ፤ የሥራ ባልደረቦችህም ቢሰሙት ደስ ይለኛል።

አያ በላቸው አምስቱን ዓመት ዱር የከረሙ፣ በደረታቸው ሁለት ጥይት ያለፈ፣ ሽልማት ሲታደል ስማቸው የተረሳ ሰው ናቸው። ለእኚህ ሰው የላክህላቸው ያንን ዘመን በባሕር ማዶ አሳልፎ ሲመለስ «ታገልን» እያለ የሚጽፍ የባለሥልጣን የሕይወት ታሪክ ነው። ምራቃቸውን እየዋጡ ሁለት እሑድ አዳመጡኝ። ጸሐፊው ነሐሴ ላይ የጮቄን ተራራ ሲሻገር ፈረሱ ያስነሣው አቧራ ፊቱን እንደ ሸፈነው ከሚለው ስደርስ ተነሡ። በነሐሴ! በጮቄ! በነሐሴ ጮቄ ላይ አቧራ ያየ ሰው ካለ ያምጡልኝ፣ ልጄን እድርለታለሁ አሉ፤ ልጅ እንደሌላቸው ታውቃለህ። ለእሳቸው የሚሆነው ስንቅ የተሸከመ ወይም ቁስለኛ ያወጣ ሰው የጻፈው ነው፤ ፈራሁ የሚል ቃል ያለበት። ሳይፈራ የተዋጋ ሰው አላየሁም ይላሉ። እንዲህ ያለ ካገኘህ ቀጭን ቢሆንም ላክ፤ ካጣህ አትላክ።

ለአባታችን የላክኸው ወፍራም ልብ ወለድ በየሁለት ገጹ ይመክራል። አባታችን ምክርማ እኔው ለአገሩ ሁሉ በነጻ እሰጥ የለም ወይ ብለው ዘጉት። እሳቸው ልብ ወለድ ሁሉ ውሸት ነው ይላሉ እንጂ እውነት የሆነ የሰው ኑሮ ሲነበብላቸው እራት ይረሳሉ። ለቀለም ብሎ አገር ላገር የዞረ፣ ቁራሽ የለመነ፣ የነከሰውን ውሻ መልክ ሳይቀር የሚያስታውስ ሰው ኑሮውን ጽፎ እንደሆነ እሱን ስጣቸው። ስለ ራሳቸው የተጻፈ እየመሰላቸው ይቆጡበታል፤ የሚወዱት እንዲያ ነው።

ለእኔ በምትልካቸው ሁሉ ሴቲቱ በመጨረሻው ገጽ ትሞታለች። ወይ በወሊድ፣ ወይ በሳንባ፣ ወይ ሐዘን አልለቅ ብሏት። በሦስት ዓመት ውስጥ ካንተ መጻሕፍት አምስት ሴቶች ቀብሬአለሁ። በቃኝ። አንዷ እንኳ ሳትሞት የምትጨርስበት ከሆነ ላክልኝ፤ አለዚያ ገንዘብህን ለያለምወርቅ መድኃኒት አድርገው።

የእናታችንን መጽሐፍ ግን ልብ ብለህ ስማ፤ ይህን ሁሉ ወረቀት ያስፈጀኝ እሱ ነው። ፊደሉ ጎላ ያለ ይሁን፤ ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ዓይኗን ጢስና ክር ጨርሶታል። ምዕራፉ አጭር ይሁን፤ ወጥ ጥዳ የምታነብ ሴት ናት። ከገጠር ከተማ ሄዳ የምትበላሽ ልጅ ታሪክ አታምጣ፤ እንዲያ ያለውን ስብከት ላይ ትሰማዋለች። የምትነግድ፣ የምትከራከር፣ ዳኛ ፊት የምትቆም ሴት ያለችበት ፈልግ። ሴት ራሷ የጻፈችው የኑሮዋ ታሪክ ታትሞ እንደሆነም ጠይቅ። ከሌለም የለም ብለህ ቁርጡን ጻፍልን፤ እኛም እንወቀው። ከሁሉ በላይ ግን መጨረሻውን ለእኔ እንዳትነግረኝ። ስትደርስበት እኔም እኩል እንድሰማው እፈልጋለሁ።

በመጀመሪያው ገጽ ላይ በእጅህ ስሟን ጻፍ። ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ብለህ፣ ጎላ አድርገህ፣ ፊደሉ ሳይያያዝ። ይቅርታ ለመጠየቅ ረጅም ቃል አትፈልግ፤ ባሳጠርኸው መጠን ፈጥና ትደርስበታለች። በደብዳቤም ለእኔ ብለህ የምትጽፈውን ከእንግዲህ እሷ እንደምታየው አድርገህ ጻፍ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ከብዕር የወጣ ደግሞ ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል። እኔም ለራሴ ምያለሁ፤ ከእንግዲህ በዚህ ቤት መስመር አልዘልም። ክፉም ብትጽፍ ክፉውን አነባለሁ።

አባታችን ደኅና ነኝ በይልኝ፣ እግዚአብሔር ልቡን ይመልስለት ብለዋል። ይህን ጉዳይ ከነገርኋቸው ወዲህ በእናታችን ፊት ስለዚያ ማኅደር አንሥተው አያውቁም፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ይህችን ታህል አፍረዋል። አያ በላቸው ሰላም ብለውሃል፤ ጮቄን በነሐሴ መጥተህ እያት ይሉሃል። ደርቤም ስለ ጭነቱ ምንም አይደለም፣ የዘመድ ዕቃ አይከብድም ይላል። ለያለምወርቅ የላክሁት ዳማከሴ በወረቀት ተጠቅልሎ አለ፤ ጨምቃ ትጠጣው።

ከእናታችን ሰላምታ የለም። ደብዳቤውን ከማሸጌ በፊት ይህን ሁሉ አነበብሁላት፤ አንዲትም አልዘለልሁም። ጨርሼ ብዕሩን ሰጠኋትና ስምሽን እንኳ ጻፊበት አልኋት። ብዕሩን አገላብጣ አየችውና መልሳ እጄ ላይ አኖረችው። እኔ ለጽሑፍ ምን አውቃለሁ፣ ነጠላ ይበቃኛል አለችኝ።

ከዚያ ተነሥታ ያንን ነጠላ ከሣጥን አወጣች። አንድም ቀን አልለበሰችውም፤ እጥፋቱ ያለምወርቅ እንዳጠፈችው ነው። ይህም ከደብዳቤው ጋር ይሂድለት አለች። እናት የልጇን ስጦታ ስትመልስ ምን ማለት እንደሆነ በአገራችን የማያውቅ የለም። በደርቤ እጅ ይደርስሃል። መጽሐፉን በዚሁ ነጠላ ጠቅልለህ መልስ፤ መጽሐፉ ከሌለ ነጠላው አይምጣ።

እህትህ አይናዲስ ቢተው
ደብረ ኤልያስ፣ ሰኔ 3 ቀን 1963 ዓ.ም.